«አዞረኝ» ማለት ብቻ አይበቃም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የቆየ ብሂል በሁላችንም አፍ ይነገራል፤ በተግባር የሚያውለው ግን ጥቂት ነው። በተለይም ጠዋት በሰልፍ፣ ቀን በልምምድ፣ ሌሊት በዘብ ጥበቃ የሚያሳልፍ የሠራዊት አባል ሕመሙን እንደ ምስጢር ሰነድ ቆልፎ መያዝን የጀግንነት አንድ ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። ባለቤቱም በበኩሏ ከውኃ መቅዳቱ፣ ከልጅ ማሳደጉና ከምድጃው ሥራ ጊዜ ቀንሳ ስለ ራሷ ሕመም ማሰብን እንደ ቅንጦት ታየዋለች።

በዛሬው የቤተሰብ ዓምድ ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ በጦር ሰፈር ውስጥ ዘወትር የሚሰሙ ሁለት አቤቱታዎችን የሚመለከት ነው። አንደኛው «ያዞረኛል» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ክንዴን ያመኛል» የሚለው ነው። አንድ ቀን ብቅ ብለው የሚጠፉ ከሆነ ብዙም ላያሳስቡ ይችላሉ። ሳምንት በሳምንት ሲተካ የማይለቁ፣ ወይም ሁለቱ አብረው የሚመጡ ከሆነ ግን በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። ከእነዚህ አጫጭር ቃላት በስተጀርባ የጀርባ ሻንጣ ማንገቻ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ የልብ ሕመምም ሊኖር ይችላል። በቀላሉ የሚስተካከል የጆሮ ችግር ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋትም ሊሆን ይችላል።

ይህን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ ግን የመጀመሪያውን መረጃ የሚያገኘው ከመሣሪያ ሳይሆን ከታማሚው አንደበት ነው። እንግዲህ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የማይለቅን ሕመም በጊዜውና በትክክል ማሳወቅ እንደ ማንኛውም ወታደራዊ ሪፖርት የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም።

ሕመም ለምን ይደበቃል?

በሠራዊት ውስጥ ሕመም የሚደበቅባቸው ምክንያቶች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያው «ለገመ» መባልን መፍራት ነው። ወታደርን በጓዶቹ ፊት የዚህን ቃል ያህል የሚያቆስለው የለም። ሸክም ሲከፋፈል፣ ረጅም ጉዞ ሲታዘዝ ወይም የሌሊት ዘብ ሲደለደል «አዞረኝ» ብሎ መናገር ከግዳጅ መሸሽ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። ሁለተኛው ዕድል እንዳያመልጥ መሥጋት ነው። ለሰላም ማስከበር ተልእኮ ወይም ለኮርስ ከመላክ በፊት የጤና ምርመራ ስለሚደረግ፣ ስሙ ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ የሚፈራው ሰው ዝም ይላል። ሦስተኛው የቤት ጉዳይ ነው። ባል ሚስቱን ላለማስጨነቅ፣ ሚስትም ባሏ በግዳጅ ላይ ሳለ ልቡ እንዳይከፈል ሲሉ አንዱ ከሌላው ይደብቃል።

እነዚህ ምክንያቶች ከክፋት የመነጩ አለመሆናቸውን እናውቃለን። ውጤታቸው ግን ከታማሚው አልፎ ወደ ሌላው ይሻገራል። ዘብ የቆመ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ በእጁ ያለው የጎረሰ መሣሪያ ነው። ሾፌር መሪ እንደ ያዘ ቢያዞረው በመኪናው ላይ የተሳፈሩት ጓዶቹ ናቸው። እናት ሕፃን አዝላ ከምድጃ አጠገብ ብትንገዳገድ አደጋው የሁለት ሰው ነው። ስለሆነም የተደበቀ ሕመም የግል ምስጢር ሆኖ አይቀርም።

በዚህ ረገድ የበላይ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። ለጋሚውን ከታማሚው መለየት የአዛዡ ሳይሆን የጤና ባለሙያው ተግባር ነው። አዛዡ «ያዞረኛል» ያለውን ሰው ወደ ክፍሉ ሕክምና ልኮት ሰውየው ለግሞ ቢገኝ የጠፋው ግማሽ ቀን ነው። ሳይልከው ቀርቶ ታሞ ቢገኝ ግን የሚጠፋው ሰው ነው። ይህን ሂሳብ ለመሥራት ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም።

የማዞር ሦስት መልኮች

«አዞረኝ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ይኖራል። ሐኪሙ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቤቱ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሲሽከረከር የሚሰማው ነው። ብዙውን ጊዜ ምንጩ በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን አካል ነው። በዚያ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶችና ከኖራ ዓይነት ማዕድን የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ጠጠሮቹ ከቦታቸው ተላቀው ወደ ቀለበቶቹ ሲገቡ ሰውየው በአልጋው ላይ ሲገላበጥ፣ ወደ መደርደሪያ ቀና ሲል ወይም የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት ሲያጎነብስ ዓለም ትዞርበታለች። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ራሱን የተመታ ሰው ይህ ሊደርስበት ይችላል፤ ፍንዳታ አጠገቡ የደረሰበት ሰውም እንደዚሁ። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ የሠለጠነ ባለሙያ የታማሚውን ራስ በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዘንበል ጠጠሮቹን ያለ መድኃኒት ወደ ቦታቸው ሊመልሳቸው መቻሉ ነው። ጆን ኤፕሊ የተባለው አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም ይህን ዘዴ በ1992 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥቶታል፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ሁለተኛው ዓይን ጭልም ሲል፣ ጆሮ ጭው ሲል፣ ላብ ሲያጠምቅና ጉልበት ሲከዳ የሚሰማው ነው። ይህ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጊዜው ማነሱን ያመለክታል። በሰልፍ ላይ «ተጠንቀቅ» ተብሎ ለረጅም ጊዜ የቆመ ወታደር የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው። እግር ግትር ብሎ ሲቆም ፓምፑ ሥራውን ስለሚያቆም ደም ወደ ታች ይጠራቀማል። ቁርስ በልቶና ውኃ ጠጥቶ መሰለፍ፣ ቆሞም ሳለ በጫማ ውስጥ የእግር ጣቶችንና ባትን አጥብቆ መልቀቅ ይረዳል። የሰልፉን ሥርዓትም አያፈርስም። ይሁን እንጂ ያለ ሰልፍና ያለ ሙቀት፣ ከመቀመጫ በተነሣ ቁጥር ጭልም የሚልበት ሰው ደም ማነስ፣ የተደበቀ መድማት፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም የልብ ምት መዛባት ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት።

ሦስተኛው ራሱ ሳይዞር እግር የማይጸናበት፣ ሰው እንደ ሰከረ የሚንገዳገድበት ነው። ይህ ከነርቭ፣ ከአንጎል፣ ከመጠጥ ወይም ከመድኃኒት ሊመጣ ይችላል። ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ጆሮን ጭው የሚያደርግና የሚያዞር መሆኑ የታወቀ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ በሰፊው ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌና ጄንታማይሲንም የሚዛኑን አካል ሊጎዱ ይችላሉ። ስለሆነም ታማሚው የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ስለ «ደም ብዛት» አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንወድም። ስያሜው ብዙ ሰው ያሳስታል። የበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ግፊቱ ከፍ ብሏል ይባላል። ይህ ሕመም ለብዙ ዓመታት አንዳችም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። «አላዞረኝም፤ ስለዚህ ግፊት የለብኝም» ማለትም ሆነ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ የታዘዘን ክኒን ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ጥሩ ነው፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይተካም።

ታማሚን የማዳመጥ ፍሬ

ታማሚ በትክክል ሲናገርና ሐኪም በትዕግሥት ሲያዳምጥ ምን ሊገኝ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቪየና ከተማ ሮበርት ባራኒ የሚባል ወጣት የጆሮ ሐኪም የታማሚዎችን ጆሮ በውኃ ያጥብ ነበር። ብዙዎቹ በእጥበቱ ጊዜ ያዞረናል ይሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ግን የሚያዞረው ውኃው በበቂ ሁኔታ ሳይሞቅ ሲቀር ብቻ እንደሆነ ለይቶ ነገረው። ባራኒ ነገሩን አልናቀም። በኋላም በሌላ ታማሚ ላይ ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ዓይኑ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲርገበገብ አየ። በዚህ መንገድ የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን አካል እንዴት እንደሚመረመር ደረሰበት።

የዚህ ሰው ቀሪ ታሪክ የእኛን አንባብያን በተለይ ሊስብ ይችላል። ባራኒ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለኦስትሪያ ጦር በሕክምና ሲያገለግል በሩሲያ ጦር ተማረከ። የ1914 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተሰጠው በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሳለ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. በቀይ መስቀል ስም በቀረበ የስዊድኑ ልዑል አማላጅነት ተለቆ ሽልማቱን በስቶክሆልም ተቀበለ። ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ ታማሚ «አዞረኝ» ብቻ ብሎ ሳይተው፣ መቼ እንደሚያዞረውና መቼ እንደማያዞረው ለይቶ በመናገሩ ነው።

ክንድ ሲናገር

የክንድ ሕመምም እንዲሁ ብዙ ድምፅ አለው። አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ይለበልባል፣ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፣ ይዝላል እንላለን። እያንዳንዱ ቃል ለሐኪሙ የተለየ መንገድ ያሳየዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም «ያመኛል» በሚለው ጠቅልሎ ማቅረብ ያለንን ሀብት መቅበር ነው።

ከባድ ሻንጣ አዝሎ ረጅም መንገድ የተጓዘ ወታደር ማንገቻው ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ትከሻው ላይ ሊጫንበት ይችላል። ክንዱ ይደነዝዛል፣ ይዝላል፤ አንዳንዴም ከትከሻው በላይ ማንሳት ያቅተዋል። ይህ በብዙ አገሮች ሠራዊት የታወቀ ጉዳት ሲሆን ሸክሙ ከተነሣ በኋላ በአብዛኛው ቀስ በቀስ ይሻላል። ነገር ግን እየዛለ በሚሄድ ክንድ ላይ ሸክም መጨመር ነርቩን ለባሰ ጉዳት ይዳርገዋል። ጀሪካን በገመድ በትከሻዋና በደረቷ አስራ የምታዝል እናትም ከዚህ የራቀች አይደለችም።

ከአንገት ጀምሮ እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ እስከ ጣት የሚወርድ ሕመም፣ በተለይም አንገት ሲዞር የሚብስ ከሆነ፣ በአንገት አጥንቶች መካከል የተቆነጠጠ ነርቭን ያመለክታል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት ላይ የሚበረታ፣ እጅን ሲያራግፉት ቀለል የሚል መደንዘዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በእጅ አንጓ ላይ ከተጨመቀ ነርቭ ነው። ይህኛው በነፍሰ ጡሮችና በእጃቸው ብዙ በሚሠሩ ሴቶች ላይ ይዘወተራል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በሥራ ወይም በዳገት ጊዜ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው፣ ከደረት ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ መውጋት ሳይሆን መጫንና ማጣበቅ የሚመስል ሕመም ነው። ክንዱን ሲያነሱትና ሲያወርዱት የማይለወጥ፣ ዳገት ሲወጡ ግን የሚቀሰቀስ የክንድ ሕመም ምንጩ ክንዱ ሳይሆን ልብ ሊሆን ይችላል። «ነርቭ ነው» ወይም «ብርድ መትቶኝ ነው» እየተባለ በቅባት ሲታሽ መክረም የለበትም።

ሁለቱ ሲገናኙ

ማዞርና የክንድ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሁልጊዜ አንድ ምንጭ አላቸው ማለት አይደለም። ደም ያነሳትና ጀሪካን የምትሸከም ሴት ሁለቱንም በተለያየ ምክንያት ልታገኝ ትችላለች። ብርቱ ጭንቀትም በፈጣን አተነፋፈስ ሳቢያ ራስን ሊያዞርና እጅን ሊያደነዝዝ ይችላል። ነገር ግን «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል መነገር ያለበት ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ በሐኪም አፍ ነው እንጂ በጎረቤት አፍ አይደለም።

ሁለቱን በቀጥታ የሚያገናኝ፣ ብዙ ባያጋጥምም ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ምክንያት አለ። ከአንገት አጥንት ሥር ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ሲጠብ፣ ክንዱ በሥራ ጊዜ የሚያስፈልገውን ደም ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ከሚወጣው ሥር ይስባል። ይህ ሁኔታ በ1961 እ.ኤ.አ. በሕክምና ጽሑፍ ሲገለጽ «ስርቆት» የሚል ስም የተሰጠው ክንድ የአንጎልን ድርሻ ስለሚሰርቅ ነው። እንጨት ሲፈልጥ፣ ልብስ ሲያጥብ ወይም በሙቀጫ ሲወቅጥ አንዱ ክንዱ የሚዝልበትና ወዲያው የሚያዞረው ሰው ይህን በትክክል ከተናገረ ሐኪሙ ግፊቱን በሁለቱም ክንዶች ይለካል። በሁለቱ መካከል 15 ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ማግኘት መንገዱን ያሳያል። ሲጋራ ማጨስ ለዚህ ዓይነቱ የደም ሥር መጥበብ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። በአንድ ክንድ ብቻ የተለካ፣ «ያዞረኛል» ብቻ ያለ ሰው ግን ሳይታወቅለት ሊመለስ ይችላል።

ለነገ የማይባል

ከዚህ በላይ ያልናቸው ብዙዎቹ የቀናት ቀጠሮ ይታገሳሉ። የሚከተሉት ግን ጠዋት እስኪሆን፣ የዘብ ተራ እስኪያልቅ ወይም ባል ከግዳጅ እስኪመለስ አይጠብቁም።

ከደረት መጫን፣ ከቀዝቃዛ ላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣ ማዞርና የክንድ ሕመም የልብ ድንገተኛ ሕመም ነው ተብሎ መታየት አለበት። በሴቶች ላይ የደረቱ ሕመም ቀለል ብሎ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጀርባና የመንጋጋ ሕመም ሊጎላ እንደሚችል ባሎች ሁሉ እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

በድንገት ፊት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለና ወደ ላይ ሲያነሱት ከወደቀ፣ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቷል ወይም ፈሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ሆስፒታል እንኳ በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ስለሆነም ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት በወረቀት መጻፍ ሕይወት ያድናል። በዚህ ጊዜ በቤት አስፕሪን መስጠት አይገባም። ለልብ ሕመም ሐኪም የሚያዘው ይህ ክኒን በአንጎል ውስጥ ለሚፈስ ደም ጉዳት ሊሆን ይችላልና።

ራስን መሳት፣ በደረት ውስጥ የሚዘል የልብ ምት፣ ከራስ ምት ሁሉ የባሰ ድንገተኛ ራስ ምታትና ከራስ ምት ወይም ከፍንዳታ በኋላ የመጣ ማዞርም በዚሁ ክፍል ይመደባሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከማዞር ጋር ከታየባት በዚያው ቀን ግፊቷ መለካት አለበት።

እንደ ቃኚ ሪፖርት

ለቅኝት የተላከ ወታደር ተመልሶ «ጠላት አለ» ብቻ ቢል አዛዡ ምን ያደርግበታል? ስንት ነው፣ የት ነው፣ በስንት ሰዓት ታየ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ታጥቋል ብሎ ይጠይቀዋል። ስለ ራስ አካል የሚቀርብ ሪፖርትም ከዚህ አይለይም። ወደ ሕክምና ከመሄድ በፊት በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ስድስት ነገሮችን መጻፍ ይበቃል። መቼ ጀመረ? በየስንት ጊዜው ይመጣል፤ ስንት ደቂቃስ ይቆያል? ምን ዓይነት ስሜት ነው? የቱ ክንድ፣ ከየት ወዴት ይሄዳል? ምን ይቀሰቅሰዋል፣ ምንስ ያስታግሰዋል? ከእርሱ ጋር ምን ሌላ ነገር ይመጣል?

ለምሳሌ ያህል አንድ የሃምሳ አለቃ «ያዞረኛል፣ ክንዴንም ያመኛል» ቢል ሐኪሙ በጨለማ ይጀምራል። ነገር ግን «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ዳገት ስወጣ ግራ ክንዴ ከውስጥ ይከብደኛል፣ ዓይኔ ጭልም ይላል፤ ቆሜ ሳርፍ በአምስት ደቂቃ ይተወኛል፤ አንገቴን ሳዞር አይብስም፤ አጫሳለሁ» ቢል ሐኪሙ ገና መሣሪያ ሳያነሳ ልቡን ይጠረጥራል። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው።

ለባለቤቶች

ታማሚው ራሱን ሲስት የሆነውን የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። ስለሆነም ሚስት ወይም ባል አብሮ ቢሄድ ታላቅ አስተዋጽኦ ነው። ፊቱ ነጣ ወይስ ቀላ? ተንቀጠቀጠ ወይ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲነቃ ሰው ለየ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ታማሚው ሊመልሳቸው አይችልም።

እመቤት ሆይ፣ ስለ ራስሽም ሪፖርት አድርጊ። ልብሽ የሚመታ፣ ትንሽ ዳገት የሚያደክምሽ፣ ስትነሺ ጭልም የሚልብሽ ከሆነ «የቤት ሥራ ድካም ነው» ብለሽ አትለፊው። የወር አበባ መብዛት፣ ተከታታይ ወሊድና የአንጀት ትል ደም ያሳንሳሉ። በቀላል የደም ምርመራ የሄሞግሎቢን መጠን ይታወቃል። ላልፀነሰች ሴት ከ12 ግራም፣ ለነፍሰ ጡር በጠቅላላው ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። በደጋ አገር ለሚኖሩ ሐኪሙ የከፍታውን ልዩነት ይጨምርበታል። የታዘዘልሽን የብረት ክኒን ከሻይም ሆነ ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጎረቤት ክኒንም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት አድርጎ ወደ ሐኪሙ መውሰድ ከብዙ ቃል ይበልጣል። የባህል መድኃኒት የወሰደም ሳያፍር ይናገር። ክንዱ የሚደነዝዝ ሰው አንገቱን ለወጌሻ አሳልፎ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በኃይል የተጠመዘዘ አንገት የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በሐኪሙ ፊት

ግፊት ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አለመጠጣት፣ ሲጋራም አለማጨስ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ሲለካም ዝም ማለትና ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከሰልፍ ሮጦ መጥቶ የተለካ ግፊት ያሳስታል። «በሁለቱም ክንዶቼ ይለካልኝ»፣ «ተኝቼም ቆሜም ይለካልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የማዞሩ ምክንያት ተገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። እንደ አስፈላጊነቱ የስኳር፣ የደምና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ የተነሣ የልብ ምርመራ ደህና ቢሆንም ሕመሙ ከተመለሰ መመለስ ግድ ነው። ከመውጣት በፊትም ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ምን ጠረጠራችሁ? ምን ከታየብኝ ወዲያው ልመለስ? ካልተሻለኝ መቼ ልምጣ?

የማዞሩ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ መኪና ከመንዳት፣ ማማ ላይ ከመውጣትና የጎረሰ መሣሪያ ይዞ ብቻን ከመቆም መታቀብ የሐኪሙና የአዛዡ የጋራ ውሳኔ መሆን አለበት። ይህም ቅጣት ሳይሆን ጥበቃ መሆኑን ለጓዶቹ ማስረዳት የአዛዡ ፈንታ ነው።

መሣሪያውን በየቀኑ የሚፈትሽ፣ የጎደለውን ጥይት በቁጥር የሚያሳውቅ ወታደር፣ መሣሪያውን የተሸከመውን ክንድና ያነጣጠረበትን ዓይን ሳይፈትሽ መዋል አይገባውም። ሳምንት ያለፈው ማዞር ወይም የማይለቅ የክንድ ሕመም ያለበት አንባቢያችን ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀትና እርሳስ ያንሳ፤ ስድስቱን ጥያቄዎች ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ይመልስ፤ ነገ ጠዋትም ወደ ክፍሉ ሕክምና ይሂድ። ከላይ ለነገ አይባሉም ያልናቸው ምልክቶች ያሉበት ግን ወረቀቱንም አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ይነሣ።